ስክሪኑን ማን እየሳለው ነው? ሊኑክስ ላይ የግራፊክስ ድራይቨርን ፈትሾ የማስተካከያ መመሪያ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ሰባተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ቢችልም፣ ከጥቂት ሞዴሎች በቀር የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟላም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከመጣል ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ መጫን ጥሩ ውሳኔ ነው። ቅሬታው የሚመጣው ከተጫነ በኋላ ነው፦ መስኮት ሲያንቀሳቅሱት ይንቀጠቀጣል፣ ዩቲዩብ ይቆራረጣል፣ ፋኑ ያለ ዕረፍት ይጮኻል። ተጠቃሚውም «ሊኑክስ ለግራፊክስ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል፤ አለዚያም ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ኮማንድ ሁሉ እየገለበጠ ደህናውን ሲስተም ያበላሸዋል።

ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ካርዶች የተሠሩት ነጻ ድራይቨሮች ዛሬ በጣም ጥሩ ናቸው። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ በአብዛኛው ምክንያቱ የድራይቨሩ ድክመት አይደለም፤ ትክክለኛው ድራይቨር ሥራ ላይ አልዋለም፣ ወይም የካርዱ ሥራ ወደ ፕሮሰሰሩ ዞሯል። ስለዚህ አዲስ ነገር ከመጫንዎ በፊት ስክሪኑን አሁን ማን እየሳለው እንደሆነ ይወቁ። ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስለ ኮማንዶቹ አንድ ነገር ላስቀድም። ኪቦርድ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ እዚህ የእያንዳንዱን ፊደል ስም በድምፁ አስቀምጣለሁ። «ትልቁ» ካላልኩ በስተቀር ሁሉም በትንሹ ፊደል ይጻፋል።

ደግሞም ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ታይምሺፍትን ከፍተው አንድ የመመለሻ ቅጂ ይያዙ። ሚንት ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ኡቡንቱ ላይ ከሶፍትዌር ማዕከሉ ይገኛል። ድራይቨር ተበላሽቶ ስክሪኑ ቢጨልም፣ በዚህ ቅጂ ወደነበሩበት መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ማን እየሳለ ነው?

ሊኑክስ ላይ ምስል ስክሪን ላይ እስኪወጣ በሁለት እጅ ያልፋል። አንደኛው ከርነሉ ውስጥ ያለው ድራይቨር ነው፤ ካርዱን ያስነሳል፣ ሜሞሪ ያከፋፍላል፣ ፍጥነቱን ይቆጣጠራል። ኢንቴል ላይ ብዙውን ጊዜ አይ915፣ ኤኤምዲ ላይ ኤኤምዲጂፒዩ፣ ኤንቪዲያ ላይ ደግሞ ኑቮ ወይም የኩባንያው የራሱ ድራይቨር ነው። ሁለተኛው ከከርነሉ ውጭ ያለው ሜሳ ነው። ብራያን ፖል እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ይህ ፕሮጀክት የብራውዘሩን ወይም የጌሙን የስዕል ትእዛዝ ካርዱ ወደሚገባው ቋንቋ ይለውጣል። የኤንቪዲያ የራሱ ድራይቨር ብቻ ለዚህ ሥራ ሜሳን አይጠቀምም፤ የራሱን ይዞ ይመጣል።

ሁለቱ ከተገናኙ ካርዱ ይሠራል። አንዱ ሲጎድል ስክሪኑ ቢጠፋ ኖሮ ችግሩ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ሜሳ ኤልኤልቪኤምፓይፕ የሚባል መጠባበቂያ አለው፤ ካርድ ሲያጣ የስዕሉን ሥራ ሁሉ ለፕሮሰሰሩ ይሰጠዋል። ዴስክቶፑ ይነሳል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፣ ማሽኑ ግን ሸክሙን አልቻለውም። ብዙ ሰው ለወራት እንዲህ እየሠራ ላፕቶፑ እንዳረጀ ያምናል።

ተርሚናል ይክፈቱና አይ-ኤን-ኤክስ-አይ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ትልቁ ጂ ብለው ይጻፉ። ሚንት ላይ አስቀድሞ አለ፤ ኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ በአፕት (በፓኬጅ አስተዳዳሪው) ይጫናል። ከሚወጣው ጽሑፍ ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጉ። «ድራይቨር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው የከርነሉ ድራይቨር ነው። «ሬንደረር» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ደግሞ በትክክል እየሳለ ያለው ነው። ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል ባለው ላፕቶፕ ላይ ጤናማው መልስ፣ ድራይቨሩ አይ915፣ ሬንደረሩ «ሜሳ ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ 620» የሚል ነው። በሬንደረሩ ቦታ ኤልኤልቪኤምፓይፕ የሚለውን ካነበቡ ካርድዎ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሂዱ። ካላነበቡ ቀጣዩን ክፍል መዝለል ይችላሉ።

ካርዱ ሥራ ከፈታ

ሦስት ምክንያቶችን በቅደም ተከተል ይፈትሹ።

አንደኛውና በጣም የተለመደው ኖሞድሴት የምትባል ቃል ናት። ሲስተሙ ሲጫን ስክሪኑ ስለጨለመ፣ የጫነው ሰው ኡቡንቱ ላይ «ሴፍ ግራፊክስ»፣ ሚንት ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን መርጦ ይሆናል። ይህ ምርጫ ከርነሉ የካርዱን ድራይቨር እንዳይጠቀም የሚከለክለውን ይህን ቃል ያስገባል። ለመጫኛው ሰዓት ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ችግሩ ከተጫነ በኋላም ሊቀር መቻሉ ነው። ለማጣራት ሲ-ኤ-ቲ፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ፒ-አር-ኦ-ሲ፣ ስላሽ፣ ሲ-ኤም-ዲ-ኤል-አይ-ኤን-ኢ ብለው ይጻፉ። አንድ መስመር ይወጣል፤ ኖሞድሴት እዚያ ውስጥ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። ቃሉ የሚኖረው ኢ-ቲ-ሲ በሚባለው ፎልደር፣ ዲፎልት በሚለው ሥር፣ ጂ-አር-ዩ-ቢ በተባለ ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉን በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ናኖ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ከፍተው ከጥቅሶቹ መካከል ያንን ቃል ብቻ ያጥፉ፤ ሌላውን አይንኩ። አስቀምጠው ከወጡ በኋላ ሱዶ አፕዴት-ሰረዝ-ግረብ ብለው ያስፈጽሙና ሪስታርት ያድርጉ። ይህች አንዲት ቃል ስትወጣ የሚመጣው ለውጥ በዚህ መመሪያ ካለው ሁሉ ይበልጣል።

ሁለተኛው የፈርምዌር መጉደል ነው። ዘመናዊ ካርዶች፣ በተለይ የኤኤምዲ፣ ሲነሱ ከዲስኩ ትንንሽ የፈርምዌር ፋይሎች ይጠይቃሉ። ዴቢያን ላይ ይህ ለረጅም ጊዜ ራስ ምታት ነበር፤ እነዚህ ፋይሎች ከመደበኛው መጫኛ ጋር መምጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ዴቢያን 12 ነው። ሱዶ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ብለው ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ፈርምዌር መጫን እንዳልተቻለ የሚናገር መስመር ካዩ፣ ሊኑክስ-ፈርምዌር የተባለውን ፓኬጅ ይጫኑ ወይም ያድሱ። ዴቢያን ላይ የኤኤምዲው ለብቻው በሌላ ስም ይገኛል።

ሦስተኛው ሴክዩር ቡት ነው፤ የሚመለከተው ኤንቪዲያ ያላቸውን ነው። ማሽኑ በሴክዩር ቡት ሲነሳ ከርነሉ ያልተፈረመበትን ድራይቨር አይቀበልም። ኡቡንቱና ሚንት የኤንቪዲያን ድራይቨር ሲጭኑ የይለፍ ቃል እንዲፈጥሩ ሊጠይቁዎት ይችላሉ። ከዚያ ሪስታርት ሲያደርጉ ስለ ሞክ ማኔጅመንት የሚናገር ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። የሚቆየው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ስለሆነ፣ ሻይ ለማምጣት የተነሳ ሰው ያመልጠዋል፤ ድራይቨሩም ሳይሠራ ይቀራል። ስክሪኑ ሲመጣ ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ፣ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን ይምረጡ፣ ይቀጥሉ፣ ያጽድቁ፣ ቀድመው የፈጠሩትን የይለፍ ቃል ያስገቡ። ካመለጠዎት ድራይቨሩን እንደገና ሲጭኑት ዕድሉ ይመለሳል። ሴክዩር ቡትን ጨርሶ ማጥፋት አቋራጭ ነው፤ እኔ ግን ፊርማውን ማስመዝገቡን እመርጣለሁ፤ ጥበቃው ለላፕቶፕ ይጠቅማል።

ሳይለኩ አይቀይሩ

«አሁን ፈጠነ» የሚል ስሜት ብዙ ጊዜ ያታልላል። ሪስታርት የተደረገ ማሽን ራሱ ለትንሽ ጊዜ ፈጣን ይመስላል። ስለዚህ ቁጥር ይያዙ።

የቆዩ መመሪያዎች ጂኤልኤክስጊርስ የተባለውን፣ ጥርስ ያላቸው ሦስት ጎማዎች የሚሽከረከሩበትን ፕሮግራም ለመለኪያ ያቀርባሉ። መለኪያ አይደለም። ፍጥነቱን ከስክሪኑ ጋር ስለሚያስተካክል፣ ስክሪንዎ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ደካማውም ጠንካራውም ካርድ 60 አካባቢ ያሳያል። በምትኩ ጂ-ኤል-ማርክ-2 የተባለውን በአፕት ይጫኑ። የተለያዩ ትዕይንቶችን ያሳይና መጨረሻ ላይ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ብራውዘሩ ተዘግቶ ጥቂት ጊዜ ደጋግመው ያስኪዱትና የመካከለኛውን ነጥብ ከቀኑና ከድራይቨሩ ስሪት ጋር ይጻፉ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ እንደገና ይለኩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየሩ የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ አያውቁም።

ጌም ለሚጫወት ሰው ማንጎሃድ ይሻላል። ስክሪኑ ጥግ ላይ የፍሬም ብዛት፣ ሙቀት፣ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ጫና እየጻፈ ያሳያል። ዓይንዎን ከአማካዩ ይልቅ በፍሬም ጊዜው ላይ ያድርጉ። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሳል ማለት ነው። ከመቶ ፍሬም አንዱ 80 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ አማካዩ ብዙም አይነካም፤ ዓይን ግን መቆራረጡን ወዲያው ያየዋል። የፍሬም ጊዜው ግራፍ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ 40 ፍሬም እንኳ ምቹ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ጌም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፣ ወይም ድራይቨሩ ከታደሰ በኋላ፣ ሼደር የሚባሉት ትንንሽ የስዕል ፕሮግራሞች ለካርዱ እንደ አዲስ ይዘጋጃሉ፤ ያን ጊዜ መቆራረጥ የተለመደ ነው። ሜሳ ያዘጋጀውን በቤት ፎልደርዎ ውስጥ፣ ካሽ በሚባለው ድብቅ ፎልደር ያስቀምጠዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ያነባል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ውጤት አይቁጠሩት። ዲስክ ለማስለቀቅ ብለው ያንን ፎልደር በየጊዜው የሚያጸዱ ከሆነም ይተዉት፤ ላፕቶፑን በየቀኑ ከዜሮ እያስጀመሩት ነው።

እንደ ካርዱ ዓይነት

ኢንቴል ላይ የሚጫን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከርነሉና ሜሳ ይበቃሉ። አሮጌ መመሪያዎች ኤክስሰርቨር (ኤክስ11) በተባለው የማሳያ ሥርዓት ላይ የኢንቴል የብቻ ድራይቨር እንዲጭኑ ይመክራሉ፤ ያ ድራይቨር ለዓመታት በአግባቡ አልተያዘም፤ ሁሉንም ካርድ የሚያስተናግደው ሞድሴቲንግ የተባለው ዛሬ የተሻለ ነው። የተጫነ ካለ ያውጡት።

ኤኤምዲ ላይም ታሪኩ ደስ ይላል። ኩባንያው ኤቲአይን እ.ኤ.አ. በ2006 ከገዛ በኋላ በ2007 የካርዶቹን ቴክኒካዊ ሰነዶች መክፈት ጀመረ፤ ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው ድራይቨር ደግሞ በ2015 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ጌሞች ካርዱን ለማዘዝ ለሚጠቀሙበት ለቩልካን የሚያገለግለውና ራድቪ የተባለው የሜሳ ድራይቨር ግን የተጀመረው ከኩባንያው ውጭ ባሉ ሰዎች፣ በዴቭ ኤርሊና ባስ ኒዩወንሁይዘን ነው። የቫልቭ ስቲም ዴክ የሚሠራው በእሱ ነው። ኤኤምዲ ራሱ በ2025 የራሱን የቩልካን ነጻ ድራይቨር አቁሞ ራድቪን እንደሚደግፍ አስታውቋል። ስለዚህ ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርደው የሚጭኑት ነገር ለተራ ተጠቃሚ አያስፈልግም። ኤችዲ 7000 ወይም አር9 200 ተከታታይ አሮጌ ካርድ ካለዎት ግን፣ የቆዩ ከርነሎች ብዙዎቹን በቀድሞው ራዲዮን ድራይቨር ስለሚያስነሷቸው ቩልካን አያገኙም፤ አይ-ኤን-ኤክስ-አይ ላይ ራዲዮን የሚል ካዩ ወደ ኤኤምዲጂፒዩ የሚያዞራቸውን የከርነል መመሪያ ለካርድዎ ትውልድ ይፈልጉ።

ኤንቪዲያ ጋ ሲደርሱ ቆም ይበሉ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ ሲናገር፣ አብረናቸው ከሠራናቸው ኩባንያዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው ብሎ በአደባባይ ተቆጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ኩባንያው በ2022 የከርነል ሞጁሎቹን ኮድ ከፍቷል። የካርድዎ ዕድሜ ግን አሁንም ዕጣዎን ይወስናል።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ካርድ ሲበራ ኃይል ለመቆጠብ በዝቅተኛ ፍጥነት ይነሳል፤ ሥራ ሲመጣ ፍጥነቱን ከፍ የሚያደርገው ድራይቨሩ ነው። ከጂቲኤክስ 900 ተከታታይ ጀምሮ ኤንቪዲያ ይህን የሚፈቅደውን ፈርምዌር በራሱ ፊርማ ቆለፈው። ኑቮ የሚባለውን ነጻ ድራይቨር የሚጽፉት ሰዎች ቁልፉ ስለሌላቸው፣ የ900 እና የጂቲኤክስ 10 ተከታታይ አብዛኞቹ ካርዶች ኑቮ ላይ ሲሆኑ በተነሱበት ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ቆመው ይቀራሉ። ይህ የእነዚያ ፕሮግራመሮች ጥፋት አይደለም፤ ማንም ጎበዝ ሊሻገረው የማይችል መቆለፊያ ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ካለዎት የኩባንያው ድራይቨር ግዴታ ነው፤ ቅርንጫፉም 580 ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት እነዚህን ካርዶች አይደግፉም። ጂቲኤክስ 600 እና አብዛኞቹ የ700 ካርዶች ደግሞ መጨረሻቸው 470 ነው፤ አዲስ ከርነል ላይ እየዋለ ሲያድር መጫን ስለሚቸግር፣ 470 ያለበትን የረጅም ጊዜ የሲስተም ስሪት ይዘው ይቆዩ።

ከጂቲኤክስ 16 እና አርቲኤክስ 20 ወዲህ ያሉት ካርዶች ላይ ነገሩ ተቃንቷል። ካርዱ ውስጥ ያለች ትንሽ ፕሮሰሰር ፍጥነቱን በራሷ ታስተዳድራለች፤ ከርነል 6.7 ላይ ኑቮ እሷን ማነጋገር ችሏል፤ ኤንቪኬ የተባለው የሜሳ የቩልካን ድራይቨርም በዚያ ላይ ቆሟል። ለዴስክቶፕና ለቀላል ጌም መሞከሩ ያስደስታል። ከባድ ጌም፣ ብሌንደር ወይም ኩዳ የሚፈልግ ሥራ ካለዎት ግን አሁንም የኩባንያውን ይጫኑ።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ሚንት ላይ «ድራይቨር ማኔጀር»፣ ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ይክፈቱና «የሚመከር» የሚል ምልክት ያለበትን ይምረጡ። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ የሚወርደውን ፋይል በእጅ አይጫኑ። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሊፈርስ ይችላል፤ የፓኬጅ አስተዳዳሪውም ስለማያውቀው ሊያስተካክለው አይችልም።

ሁለት ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ተጨማሪ አንድ ነገር አለ። ዴስክቶፑን ብዙውን ጊዜ የሚስለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ካርድ ነው፤ ይህም ለባትሪ ትክክል ነው። አንድን ፕሮግራም በትልቁ ካርድ ለማስኬድ ኡቡንቱ ላይ በፕሮግራሙ ምልክት ላይ በቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ «በተለየው ግራፊክስ ካርድ አስጀምር» የሚል ምርጫ ያገኛሉ። ጌሙ ቀርፋፋ ሆኖ ማንጎሃድ ላይ የኢንቴል ስም ካዩ መልሱ ይኸው ነው።

ቪዲዮ ሲቆራረጥ

ቪዲዮ የራሱ ጉዳይ ነው፤ አብዛኛው ሰው ላፕቶፑን የሚፈርድበትም በዚህ ነው። ካርዱ ውስጥ ቪዲዮ ለመፍታት ብቻ የተሠራ ክፍል አለ። እያንዳንዱ ትውልድ የሚያውቃቸው የቪዲዮ ኮዴኮች ውሱን ናቸው። ኤችዲ ግራፊክስ 620 ኤች264ንና ቪፒ9ን ይፈታል፤ ኤቪ1ን ግን አያውቅም። ኢንቴል ላይ ኤቪ1 የመጣው ከ11ኛው ትውልድ ጋር ነው። ዩቲዩብ ደግሞ ኤቪ1 ማቅረብ ይወዳል። ያን ጊዜ የፕሮሰሰሩ ጫና ይጨምራል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ምስሉ ይቆራረጣል።

መመርመሪያው እነሆ። ቪዲዮው ላይ በቀኝ ክሊክ ያድርጉና «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ይምረጡ። ኮዴክ በሚለው መስመር ላይ ኤ-ቪ-0-1 ብሎ የሚጀምር ካዩ ኤቪ1 ነው፤ ቪ-ፒ-0-9 ቪፒ9 ነው፤ ኤ-ቪ-ሲ-1 ኤች264 ነው። እዚያው የወደቁ ፍሬሞችን ቁጥር ያያሉ። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ማሽኑ አልደረሰም። ከዚያ ኢንቴል ጂፒዩ ቱልስ የተባለውን ፓኬጅ ጭነው ሱዶ ኢንቴል፣ የታች ሰረዝ፣ ጂ-ፒ-ዩ፣ የታች ሰረዝ፣ ቲ-ኦ-ፒ ብለው ያስኪዱ። ቪዲዮው እየሄደ «ቪዲዮ» የሚለው መስመር ዜሮ ላይ ከቆመ ፕሮሰሰሩ ነው የሚሠራው፤ ከተንቀሳቀሰ ካርዱ ሥራውን ይዟል። ለሌሎች ካርዶች ኤንቪቶፕ የተባለው ፕሮግራም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል።

ፋየርፎክስ ከስሪት 115 ጀምሮ ኢንቴል ላይ በካርድ መፍታትን በራሱ ያበራል፤ የሚያስፈልገው የኢንቴል ሚዲያ ቪኤ ድራይቨር የተባለው ፓኬጅ መኖሩ ብቻ ነው። ከአምስተኛው ትውልድ በፊት ላሉት አይ965 ቪኤ ድራይቨር የሚለው ነው የሚሆነው። ኤቪ1ን ለማስቀረት ፋየርፎክስ ላይ የአድራሻ መጻፊያው ላይ አባውት፣ ሁለት ነጥብ፣ ኮንፊግ ብለው ይግቡና ሚዲያ፣ ነጥብ፣ ኤ-ቪ-1፣ ነጥብ፣ ኢኔብልድ የሚለውን ፈልገው ወደ ፎልስ ይቀይሩት። ዩቲዩብ ቪፒ9 ያቀርብልዎታል፤ ፋኑም ይበርዳል። በሞባይል ዳታ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን አስቀድመው ይመዝኑ፤ ኤቪ1 ለተመሳሳይ ጥራት ያነሰ ዳታ ይበላል፤ ሲያጠፉት የዳታ ፓኬጁ ቶሎ ያልቃል። 720 ላይ ማየት አንዳንዴ ለፋኑም ለዳታውም ይበጃል።

ፌዶራ የሚጠቀሙ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ከፓተንት ጋር በተያያዘ የፌዶራ ሜሳ ከስሪት 37 ወዲህ ኤች264ንና ኤች265ን በካርድ አይፈታም። አርፒኤም ፊውዥን የተባለው ማከማቻ ላይ ሙሉው ሜሳ ይገኛል።

ድራይቨሩ ንጹህ ሆኖ ካርዱ ቢደክም

እዚህ ድረስ ሁሉ ትክክል ሆኖ ነጥቡ ዝቅ ካለ፣ ድራይቨሩን ይተዉና ዕቃውን ይዩ።

መጀመሪያ ራሙን። ፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ካርድ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ የሚበላው ከላፕቶፑ ራም ነው። አንድ ዲዲአር4 2133 ራም ብቻ ከተሰካ ማስተላለፍ የሚችለው በሰከንድ 17 ጊጋባይት አካባቢ ነው፤ ሁለት እኩል ራሞች በሁለቱም ቦታ ሲሰኩ መንገዱ 34 ይሆናል። ለጌምና ለትልቅ ስክሪን ይህ ልዩነት የትኛውም የድራይቨር ማስተካከያ ከሚሰጠው ይበልጣል። ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ በአንድ ራም ስለሚሸጡ፣ ሱዶ ዲ-ኤም-አይ-ዲ-ኢ-ሲ-ኦ-ዲ-ኢ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ቲ፣ ክፍተት፣ ሜሞሪ ብለው ስንቱ ቦታ እንደተያዘ ይመልከቱ። ባዶ ቦታ ካለ ገንዘብዎን እዚያ ላይ ያውጡ።

ቀጥሎ ቻርጀሩን። አንዳንድ ላፕቶፖች የተሰካባቸውን ቻርጀር ካላወቁት ወይም ዋቱ ካነሰባቸው ፕሮሰሰሩን በዝግታ እንዲሄድ ያስሩታል። ገበያ ላይ የሚገኘው አስመሳይ ቻርጀር ባትሪውን ቢሞላም ይህን ያስከትላል። የፓወር ፕሮፋይሉም «ፓወር ሴቨር» ላይ ቀርቶ እንደሆነ ይዩ። ሙቀቱን ሴንሰርስ በሚለው ኮማንድ ይከታተሉ፤ ጂኤልማርክ እየሄደ ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ነጥቡ ከዙር ወደ ዙር ከወረደ፣ ፋኑን ማጽዳትና ፔስቱን መቀየር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የስክሪን ማጉያው ነው፤ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ኤክስ11 ላይ ሙሉ ኤችዲ ስክሪንን ወደ 150 በመቶ ሲያጎሉት ሲስተሙ መጀመሪያ 2560 በ1440 የሆነ ምስል ይስልና ከዚያ ያሳንሰዋል። 2.1 ሚሊዮን ፒክስል መሳል የነበረበት ካርድ 3.7 ሚሊዮን ይስላል ማለት ነው። ለደካማ ካርድ ከባድ ነው። ማጉያውን ወደ 100 በመቶ ይመልሱና ፊደሉን ብቻ ወደ 1.3 ያሳድጉ፤ ንባቡ ያው ነው፣ ሸክሙ ግን ይቀላል።

ማደስ

አዲስ ላፕቶፕ ላይ የቆየ ከርነል ካለ ካርዱ ላይታወቅ ይችላል። ኡቡንቱ ለረጅም ጊዜ ስሪቶቹ ኤችደብሊውኢ በሚል ስም አዲስ ከርነልና አዲስ ሜሳ ያቀርባል፤ ሚንት ላይ ደግሞ አፕዴት ማኔጀር ውስጥ «ቪው»፣ ከዚያም «ሊኑክስ ከርነልስ» የሚለውን ከፍተው መምረጥ ይችላሉ። አዲሱን ሲጭኑ የቀድሞውን አያጥፉት። ካልሰመረ ሲነሳ ከግረብ ዝርዝር አሮጌውን መርጠው ይገባሉ። አሮጌ ማሽን ላይ ግን ሁሉ ደህና ከሆነ አዲስ ሜሳ ለማግኘት ብለው የሦስተኛ ወገን ማከማቻ አይጨምሩ፤ ትርፉ ትንሽ፣ ጣጣው ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የተለየ ጌም ወይም ፕሮግራም ብቻ ቢበላሽ፣ እውነተኛ የድራይቨር ስህተት አግኝተው ይሆናል። የሜሳ ሰዎች ስህተት የሚቀበሉት ፍሪዴስክቶፕ በሚያስተዳድረው ጊትላብ ላይ ነው። የአይ-ኤን-ኤክስ-አይን ውጤት፣ የከርነሉንና የሜሳውን ስሪት፣ የጻፏቸውን ቁጥሮች፣ ችግሩ በየትኛው ስሪት እንዳልነበረና በየትኛው እንደጀመረ አያይዘው ይላኩ። «ቀርፋፋ ነው» ብቻ ካሉ ማንም ሊረዳዎ አይችልም፤ «በዚህ ስሪት 41 ፍሬም፣ በቀድሞው 58» ካሉ ግን ያበላሸውን ለውጥ ፈልጎ ለማግኘት የሚያስችል መነሻ ሰጥተዋቸዋል።